ድቡ መንገድ ላይ ነው

ግንቦት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጠ. 2 ሰ.

ራሴን አልሳትኩም። ተቀመጥኩ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ፣ ደብተር፤ ቢያንስ አንተ ትክክለኛውን ያዝ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ በደረሰኝ ወሬ መሠረት እኔ አስካለ ድብ አይቼ ወድቄአለሁ፣ አምቡላንስ ወስዶኛል፣ ነጠላዬንም ድቡ ቀምቶኛል። አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ እንባዋን እየጠረገች፣ እትዬ አስካለ፣ እግዜር ያተረፈዎት ያለ ምክንያት አይደለም አለችኝ። የትኛው እጄ እንደተነከሰም ጠየቀች። ሁለቱንም አሳየኋት። ቅር ያላት መሰለኝ።

እውነቱ ይኸውልህ። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ከጓሯችን ጀርባ ጫካውን አቋርጦ ወደ አትላንታው ቻታሁቺ ወንዝ በሚወርደው መንገድ እሄዳለሁ። ብቻዬን፤ ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘይነባ ጉልበቷን አሟት ቀርታለች። መታጠፊያው ላይ ጥቁር ነገር። የቆሻሻ ከረጢት መሰለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እዚህ የሚጥል ብዬ ተናደድኩ። ከረጢቱ ቀና አለ። ጆሮ አለው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ድቡ አየኝ፣ ዞረ፣ ሄደ። አለቀ። ነጠላም አልለበስኩም፤ ሹራብ ነው፣ ይኸው ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱን አልረገጥኩም። ይህንንም መዝግብ። ይህኛው ወሬ አይደለም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰ.

ልጄ ሰላም ቁርጡን ነገረችኝ። ኮሌጅ ፓርክ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ስትመለስ መሽቷል። ቀኑን ሙሉ እኔን እያሰበች መሥራት አልቻለችም። ስለዚህ ለአረጋውያን መዋያ አስመዝግባኛለች። ከሰኔ 2 ሰኞ ጀምሮ ቫን በር ድረስ እየመጣ ይወስደኛል፣ ማታ ይመልሰኛል።

«እማዬ፣ ሳይን አፕ አድርጌሻለሁ። ቢንጎ አለ፣ ላንች አለ፣ የወንበር ላይ ኤክሰርሳይስ አለ።»

የወንበር ላይ! ይህን ሁሉ ዓመት ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ስፖርት መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ለምን እንደተናደድኩ ላስረዳህ። ወደ ገበያ የምሄደው በሰላም መኪና ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሰላም መኪና። ወደ ሐኪም በሰላም መኪና። በዚህ አገር ማንም ሳያደርሰኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በገዛ እግሬ የምደርስበት ቦታ አንድ ነው፤ ወንዙ። ጠዋት ዱላዬን ይዤ እወርዳለሁ፣ ውሃውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እሱን ከወሰዱብኝ ሻንጣ ሆንኩ ማለት ነው። ሻንጣን ያነሡታል፣ ያስቀምጡታል።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ነገ ጠዋት ብልክሽ ትሄጃለሽ?

ዱላዬን ከበሩ ጥግ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ!

ከሷ ጋር አይደለም ጠቤ። ከፍርሃቴ ጋር ነው።

ተዋዋልን። እስከ ሰኔ 2 ድረስ በጓሯችን ድብ ካልታየ፣ እኔም ሳልፈራ መሄዴን ካሳየኋት፣ ቫኑን ትሰርዘዋለች። ዲል? አለች። ውል ነው አልኳት።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት

ሞከርኩ። እስከ ጓሮው ጫፍ። ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ቆምኩ። ሽኮኮ የምታህል ፍጥረት ነበረች። ተመለስኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ተቀምጬ አሰብኩ። ያደግኩበት አገር ድብ የለም። አባቴ ድብ አላየም፣ አያቴም አላየም። ታዲያ ይህን ፍርሃት ከየት አመጣሁት?

አገኘሁት። ከት/ቤት።

መምህራችን ቀጭን፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበር። ክፍል ውስጥ የሳቀ ልጅ ወደ ፊት ይጠራል። ከዚያ ያቺን ታሪክ ይነግረናል፤ በአንድ አዛውንት ላይ የሳቁ ልጆች ነበሩ፣ ድብ ከጫካ ወጥቶ ቦጫጨቃቸው። ታሪኩን ሲጨርስ ወደ በሩ ያይና ቀስ ብሎ፣ «ድቡ መንገድ ላይ ነው» ይላል። ሌላ አይጨምርም። እኛ ሁላችንም ወደ በሩ እናያለን። ድብ ምን እንደሚመስል አንዳችንም አናውቅም። እሱም አያውቅም ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። በኔ አእምሮ ድቡ የመምህሩን ኮት ለብሶ ነበር የሚመጣው።

እነሆ ዕድሜዬን ሙሉ ሲመጣ ኖሮ አትላንታ ደረሰብኝ።

ለዘይነባ ነገርኳት። ሐረር ነው ያደገችው፤ ጅብ በመንደሯ እንደ ሰው ይመላለሳል። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እኛ ጅቡን በስሙ እየጠራን እናሳልፈዋለን፤ አንቺ ከውሻ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አይተሽ መሬት ላይ ዘፍ!»

ምክርም አላት። በዓመት አንዴ ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይሠራላቸዋል፣ ይበላሉ፣ ሰላም ይሆናል፤ ድቡም እንዲሁ ነው አለች። ድቡ ሐረሪ አይደለም አልኳት። የጠገበ ሁሉ ሐረሪ ነው አለችኝ።

ከሷ ጋር መከራከር አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልክ ናት፤ ጅብን የማትፈራው ስለምታውቀው ነው። እኔ ያልተማርኩትን ትምህርት ተፈትኜ ነው የወደቅኩት። እንግዲያው እማራለሁ! የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስለ ድቦች፣ መግቢያ በነፃ። እርሳስ ቀረጽኩ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ

ደብተር! ከየት ልጀምር!

ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሕፃናት መካከል። ዘይነባ ከኋላ። አስተማሪዋ የዱር አራዊት ሠራተኛ ናት፤ አረንጓዴ ዩኒፎርም፣ ጭቃ የነካው ጫማ፣ ጥርት ያለ አነጋገር። የድብ ቆዳና የራስ ቅል ይዛ መጥታለች። መንካት ይቻላል አለች። ልጆቹ ተሽቀዳደሙ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ነካሁ። ቆዳው ሻካራ ነው፣ እንደ ድሮ ምንጣፍ። ኮት አይደለም።

የተማርኩት፦

የኛ አካባቢ ድብ ጥቁሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ቅጠል፣ ፍሬ፣ ጉንዳን። ሥራው ሆዱ ነው፤ ሰው አይፈልግም። በዚህ ወር የሚንከራተተው አብዛኛውን ጊዜ ጎረምሳ ወንድ ነው። እናቱ አድገሃል በቃህ ብላ ስላባረረችው ወንዙን ይዞ ይወርዳል፣ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። እሱን እናቱ አባረረችው፣ እኔን ልጄ። ወገን አገኘሁ።

በሁለት እግሩ ሲቆም ሊበላህ አይደለም። አጥርቶ ለማየትና ለማሽተት ነው። እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጎረቤት እንደማይ ማለት ነው።

አይሮጡም። ከሮጡ ይከተላል፤ ደግሞም ይቀድማል። ዛፍ ላይ አይወጡም፤ እሱ ይበልጥ ይወጣል። ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ በረጋ ድምፅ ያናግሩታል፣ ፊትን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይላሉ፣ መሄጃ ይተዉለታል። ስለ መቀመጥም ጠየቅኳት፤ እጄን አውጥቼ። አይመከርም አለች። ከኋላዬ የሆነ ሰው ሳቀ። ይሳቅ።

አሁን ዋናው። ድብ እንደ ወናፍ ፉፍ ፉፍ ሲል፣ ጥርሱን ሲያጋጭ፣ መሬቱን በመዳፉ ሲመታ፣ እኛ ተቆጣ እንላለን። አልተቆጣም። ፈርቷል! ጨንቆት ነው፤ እባክህ ራቅልኝ እያለ ነው።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። በአፍንጫው ፉፍ የሚል፣ ጠረጴዛ የሚመታ ሌላ ማን ነበር? ያ ምስኪን መምህር! ያን ሁሉ ልጅ ለብቻው ፊት ለፊት ቆሞ! እዚያው ወንበሬ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። በሩንም አላየሁም።

ከዚያ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የድብ አፍንጫ የሩቁን ያሸታል፤ ምግብ ያገኘበትን ቦታ አይረሳም፤ ይመላለሳል። በሰው ቤት ምግብ የለመደ ድብ ሰውን መፍራት ያቆማል፤ ያኔ በወጥመድ ይያዛል፣ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ሞት ነው። የሚያበላው ሰው ነው የሚገድለው አለች። ደግማ አለችው።

ዞር ብዬ ዘይነባን ሰማሽ ወይ ልላት ስል አንቀላፍታለች። አፏ ተከፍቷል።

ግንቦት 17፣ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ

ዛሬ የራሴን ጥፋት አገኘሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነው የመጣልኝ። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም!

ግንቦት 1 ቀን ልደታን በጓሯችን አከበርን። የሐበሻ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ንፍሮ፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ የበግ ሥጋ። ዘይነባ እንኳ ሥጋውን ትታ ንፍሮውን ከኛ እኩል በላች። ሲመሽ ብዙ ተረፈ። ሰላም ትሪውን አንሥታ ወደ ፍሪጅ ስትሄድ በሩ ላይ አስቆምኳት። የልደታ ምግብ ውጭ ነው የሚበላው፣ ወደ ቤት አይገባም። ሥርዓት ሥርዓት ነው። እማዬ አኒማልስ ይመጣሉ አለች። ይምጡ፣ የእግዜር ፍጥረት ናቸው አልኳት። ንፍሮውም፣ ዳቦውም፣ አጥንቱም ጫካው ጥግ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ማስቀመጡን የተቆጣጠርኩት እኔ ነኝ። ወደ ግራ አድርጉት ብዬም አዝዣለሁ።

ድቡ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ስለዚህ አልተላከብኝም፣ ደብተር። ተጋብዞ ነው የመጣው። ጋባዧም እኔ ነኝ።

ይህ ደስ ሊለኝ አይገባም፤ ግን ደስ አለኝ! ምክንያት አለው! ምክንያት ያለው ነገር ይስተካከላል። ጓንት አደረግኩ። አጥንቱን ለቀምኩ፣ ሣሩን በመጥረጊያ አበጠርኩ፣ ሥፍራውን በኮምጣጤ አጠብኩ። የወፍ መመገቢያውን አወረድኩ። የሥጋ መጥበሻ ግሪሉን ፈግፍጌ ጋራዥ አስገባሁ። የቆሻሻ በርሜሉ ከእንግዲህ የሚወጣው መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ብቻ ነው፤ ለሰላም በጽሑፍ ሰጠኋት። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ግድ የለም።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 3 ሰ.

ሄድኩ!

እስከ መታጠፊያው ብቻ። ግን ሄድኩ።

አስተማሪዋ ድምፅ አሰሙ፣ ድንገት አትገናኙት ብላለች። ለብቻ ማውራት አልወድም፤ የማባዛት ሠንጠረዥ ጮክ ብዬ አልኩ። ከሁለት ጀመርኩ። ሰባት ብዜት ላይ መታጠፊያው ደረስኩ። አንድ ወጣት ከውሻው ጋር አለፈ፤ ሰላም ሳይለኝ ፈጠን አለ። ሰባት ስምንት ሃምሳ ስድስት አልኩት።

ምልክትም አነበብኩ። ግንዱ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ከታች ዓይነ ምድሩን አየሁ። በዱላዬ ጫፍ ገለጥ አደረግኩት፤ ስንዴና ሽምብራ። የልደታ ንፍሮ! እንዲሁ እንደገባ ወጥቷል፤ አላኘከውም። ሲበላ የማያኝክ ልጅን መቆጣት ልማዴ ነው። እዚያው ጫካ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ያን ረቡዕ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ቆሜ!

ግንቦት 22፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ 11 ሰ.

ወዮ። በጠራራ ፀሐይ ጓሯችን ገባ። እኔ በቤቱ ፊት በኩል ነበርኩ፣ አላየሁትም። በወዲያኛው አጥር ያለው አሜሪካዊ ጎረቤታችን አይቶ ስልክ ደወለ። አንድ የዱር አራዊት መኮንን መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያናገረኝ። እንደገና ወደ ቤቶቹ ከመጣ ወጥመድ ማምጣታችን አይቀርም አለ። ከዚያ በኋላስ ስለው መሬት መሬት አየ።

ሰላም ከሥራ በስልክ፦ «እማዬ፣ ዲላችን አበቃ። ሶሪ። ሰኞ ቫኑ ይመጣል።» የሚመጣው ሰኞ አይደለም፣ ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ አረምኳት። ገና ሰኔ 2 አልደረሰም አልኳት። ዘጋችው።

ምን ፈልጎ መጣ? ሁሉን አጥቤአለሁ። ድብ በከንቱ አይመላለስም፤ ተምሬአለሁ። አንድ ነገር አግኝቷል። ምን?

ለራሴ ብቻ አይደለም የተበሳጨሁት። የዚያ ጎረምሳ ነገርም ሆዴን በላኝ። የሚገርመው ይህ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድቡን ከመፍራት ለድቡ ወደ መፍራት ተሻገርኩ።

ግንቦት 24፣ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ

ያዝኳት!

ጓሮውን ከአጥር እስከ አጥር ፈተሽኩ። በዘይነባ ግቢና በኛ መካከል ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን። ተልሶ ያበራል። አሸተትኩት። ቅቤ፤ ያውም የተነጠረ።

ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ በሯን መታሁ። ከፈተች፣ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

«በላው?» አለች።

እንዲህ ጮኬ አላውቅም። ቤተ መጻሕፍት ወስጄሽ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬሽ፣ አንቺ እንቅልፍሽን! የሚያበላው ነው የሚገድለው ተብሏል! ሰላም አወረድኩ ብለሽ መቃብሩን ቆፈርሽለት!

መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥሎ ሳህኑን ከእጄ ወሰደች።

«ለማን ብዬ ነው? አስኩ፣ አንቺ በዚያ ቫን ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ነው ወንዝ የምወርደው? ከጉልበቴ ጋር? ድቡ ከጠገበ አርፎ ይቀመጣል፣ አንቺም ትቀሪያለሽ አልኩ። ወላሂ ሌላ አላሰብኩም።»

ቁጣዬ ሄዶ አለቀ። ተቀመጥኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ወንበር ላይ። እኔም የራሴን ነገርኳት፤ ልደታውን፣ ንፍሮውን፣ ወደ ግራ አድርጉት ማለቴን። ዓይኗ በእንባ እንደተሞላ መሳቅ ጀመረች።

«እኔ በገንፎ፣ አንቺ በንፍሮ! ሚስኪን፣ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ቤት ለመደው።»

ከዚያ ድንገት ቆም ብላ ስለዚያ የት/ቤት ታሪክ ጠየቀችኝ። ልጆቹ የሳቁት በማን ላይ ነበር? በአዛውንት። ድቡ የመጣው ለማን ወግኖ ነበር? ለአዛውንቱ። «ታዲያ ዛሬ አዛውንቷ ማናት? አንቺ ሴትዮ፣ ድቡ እኮ የአንቺ ወገን ነው! መፍራት ያለባት ሰላም ናት!»

ደብተር፣ ያን ታሪክ ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ፤ አንድ ቀን ከዚያ በኩል አላየሁትም። እንቅልፋም ተማሪ አንዳንዴ እንዲህ ትመልሳለች።

ዕቅድ አወጣን። የዘይነባን ቁጥቋጦ አጠብን፣ ሳህኑም ቤት ገባ። ግን አፍንጫው ያስታውሳል፤ አንዴ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ምግብ ማጣት ብቻ አይበቃውም፤ ደስ የማይል ቦታ መሆኑን መማር አለበት። አስተማሪዋ እንዳለችው፦ ከበረንዳ ላይ ሆኖ፣ በሩን ከኋላ ከፍቶ፣ መሄጃውን ሳይዘጉ፣ ጫጫታ። በሁለት ቤት ሁለት ድስት ተዘጋጀ። ወጥመዱ ሳይቀድመን እኛ እንቅደም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

አልመጣም። ዘይነባ ድስቷን መስኮት ላይ አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ትደውልልኛለች። መጣ? አልመጣም። መጣ? ሽኮኮ ነው። እስከ መታጠፊያው ሁለታችን ሄድን፤ ጉልበቷ ተሽሏታል። የሰባትን ብዜት አትችልም። ቁርዓን ትቅራ አልኩ፤ አዜመች፤ ድምፅዋ ያምራል። ድብ ይቅርና ወፎቹም ዝም አሉ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰ.

ፊደሌ ተበላሽቷል። ከደስታ ነው። ሆነ! ልጻፈው ሳይቀዘቅዝ።

ሰላም ዛሬ ኦፍ ናት፣ ሥራ የላትም። ኩሽና ቆማ ስልኳን ታያለች። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። መስኮቱ ላይ ጥቁር ነገር ተላወሰ። ከጫካው ወጣ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ቤቱ። ቀጥታ ወደ ትልቁ ዛፍ። አሸተተ። የለም። ወደ ቁጥቋጦው። አሸተተ። የለም። ግራ ገባው፤ ሳየው አሳዘነኝ።

ድስቱንና የእንጨት ማማሰያውን አነሣሁ። ሰላም ቀና አለች፣ አየች፣ ስልኳ ከእጇ ወደቀ። እማዬ ኖ ኖ ኖ፣ ግቢ፣ በሩን ዝጊው! በሩን ከፍቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አልዘጋሁትም፤ የኔም መሄጃ ነው።

ድቡ አየኝ። በሁለት እግሩ ቆመ። ሰላም ጮኸች። እኔ ግን አወቅኩት! እያየኝ ነው፣ ማን ናት እያለ ነው። አልተቀመጥኩም።

አናገርኩት። በአማርኛ፣ በረጋ ድምፅ፣ ለአዲስ ተማሪ እንደሚባለው፦ ልጄ፣ እዚህ ለአንተ የሚሆን የለም። ጥፋቱ የኛ ነው፣ አንተን ጠርተን አሁን እናባርርሃለን፤ ግን ለራስህ ስትል ሂድ።

አልሄደም። በአራት እግሩ ወርዶ ወደ በረንዳው ጥቂት ተራመደ። ፉፍ አለ። ጥርሱን አጋጨ። መሬቱን በመዳፉ መታ፤ ድም! ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው። ያ ጠረጴዛ። ዛሬ ግን ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ፈርተሃል አልኩት። አውቄብሃለሁ፤ አንተም ፈርተሃል።

ከዚያ ድስቱን መታሁ። ምን ልበልህ! እንደ ት/ቤት ደወል! ሂድ! ሂድ! በዚያ በኩል ዘይነባ በረንዳዋ ላይ ብቅ አለች፣ ድስቷን እየቀጠቀጠች በሐረሪኛ የማይጻፍ ነገር እየተናገረች። ድቡ ግራ ቀኝ አየ፣ ተጠምዝዞ ሮጠ፤ እንዲያ ያለ ከባድ ነገር እንደዚያ ይሮጣል አልልም ነበር። ጫካው አፍ ላይ አንድ ዛፍ ላይ እንደ ድመት ወጣ። መምታት አቆምን። ጥቂት ቆይቶ ዙሪያውን አየ፣ ወረደ፣ ወደ ወንዙ ሄደ። አንዴም ዞር አላለም።

ስመለስ ሰላም ወለሉ ላይ ነበረች።

ራሷን አልሳተችም። ተቀምጣ ነው። ማንም እንዳያጣምመው ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሰኔ 1፣ እሑድ፣ በዓለ ጰራቅሊጦስ፣ ማታ 1 ሰ.

በቤተ ክርስቲያን አዲሱ ወሬ፦ ድብ በጭልፋ መትቼ ጥርሱን አርግፌአለሁ። የድብ ቋንቋም እችላለሁ። ያቺው ሴትዮ እንደገና እጄን ይዛ አለቀሰች። አንድ ነገር ብቻ አረምኩ፤ ጭልፋ አይደለም፣ ማማሰያ ነው።

ድቡ ከዓርብ ወዲህ አልታየም። መኮንኑ ስልክ ደውሎ ጠየቀ፤ ከላይኛው ወንዝ በኩል፣ ከቤቶቹ ርቆ ሲሄድ ያዩት ሰዎች አሉ አለ። ወጥመድ አያስፈልግም አለ። ሴትዮ፣ ደኅና አድርገሻል አለ። በቀላሉ የማልሞገስ ሰው ነኝ። ሙገሳውን ወሰድኩት።

ሰላም ስለ ቫኑ ሁለት ቀን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የዓርቡ ድብ ውሉን አፈረሰው ወይስ አጸደቀው፣ መፍረድ የሷ ነው። አሁን ከእራት በኋላ መጥታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሰርዤዋለሁ አለች። ካንስል አድርጌዋለሁ፣ እማዬ።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ አመሰገንኳት። አልተነሣችም። ጥፍሯን ትነክሳለች፣ እንደ ልጅነቷ። ቀስ ብላ አወጣችው፦ ድቡ ከታየ ጊዜ ጀምሮ ቆሻሻ እንኳ ለማውጣት ትፈራለች። ጎህ ሳይቀድ ከቤት እስከ መኪናው ትሮጣለች። ቁልፏን በጥርሷ ይዛ።

አይሮጥም! አልኳት።

«ታዲያ ማን አስተማረኝ? አንቺ ያሳደግሽኝ ጅብ መጣ እያልሽ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነገ ሥራ ከሰዓት በኋላ ነው የምገባው፣ ጠዋት ከእናንተ ጋር ብመጣ ቅር ይልሻል ወይ አለች። እኔን አስፈቀደች፣ ደብተር። ወደ ወንዙ እንዳደርሳት።

ስለዚህ ነገ፣ ሰኞ፣ የሐዋርያት ጾም መያዣ፣ በመጀመሪያ፦

ሰላምን መቀስቀስ። በጉልበት አይደለም።

ያን ነጭ ጫማ ማስወለቅ፤ ለጭቃ የሚሆን ማስደረግ።

በርሜሉ ክዳኑ መዘጋቱን ማየት፤ በርሜሉን ከሷ ጋር ሄዶ ማየት።

ለዘይነባ መደወል። ጉልበቷን መጠየቅ። ኪሷን መፈተሽ፤ ቴምር ትይዛለች።

ከጓሮው ጫፍ ጀምሮ ድምፅ ማሰማት። ከሁለት ብዜት። ሰላም በአማርኛ ካቃታት በእንግሊዝኛ ትበል፤ ድቡ አይመርጥም።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እኔ የተቀመጥኩበትን ቦታ ማሳየት። ጭረቱን ማሳየት። የማውቀውን ሁሉ መንገር፣ ማስፈራራት ግን ክልክል።

ከፊቴም ከኋላዬም ሳይሆን ከጎኔ ማስኬድ። እጇን አለመያዝ፤ ካልጠየቀች በቀር። ከጠየቀች ግን አጥብቆ መያዝ።